ስድስተኛው ተከላካይ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 19

የዌስ የደም ምርመራ ውጤት መጣ። የጠረጠርኩት ነው፤ ያ በምራቅ የሚተላለፈው፣ ጉሮሮ የሚያሳብጠው፣ በየክረምቱ የተማሪ ማደሪያውን የሚያዳርሰው በሽታ። ትኩሳቱ ስለበረደለት ልጁ ራሱን ድኛለሁ ብሎ ነበር። የቡድኑ ሐኪም ዶክተር ናራያን ሆዱን በመዳፏ ስትዳስስ ግን ጣፊያውን ከግራ ጎድኑ በታች ወጥቶ አገኘችው። ኮሪደር ላይ ጠርታኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"በእጅ የሚዳሰስ ጣፊያ ይዞ ነው ሲጋጭ የከረመው። አንድ ክርን ይበቃዋል። ከፈነዳ አምቡላንሱ እስኪደርስ ደሙ ሆዱ ውስጥ ያልቃል።"

ማርች 15 አልትራሳውንድ ይደገማል። እስከዚያ በረዶ ላይ አይወጣም።

ዌስ ሃራሲም የዩኒቨርሲቲያችን የበረዶ ሆኪ ቡድን አምበል ነው። ተከላካይ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ ከሁሉም በላይ ሜዳ ላይ የሚቆይ። ጥሎ ማለፉ ማርች 2 ይጀምራል።

ለአሰልጣኙ የነገርኩት እኔ ነኝ። ከደኒ ራውቲዮ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተናል፤ እሱ ያሰልፋል፣ እኔ ወጌሻዋ እጠግናለሁ። የታመመ ተጫዋች እኔና ዶክተሯ ካልፈረምንለት አይሰለፍም።

"ማርሊስ፣ ቀልድ ነው በይኝ።"

"አይደለም።"

"እስከ መቼ?"

"ማርች 15 እናያለን።"

"ፍጻሜው 17 ነው እኮ። እስከ ፍጻሜ በማን ልድረስ? አንቺን ላሰልፍ?"

በተማሪነቴ አንድ ጊዜ፣ ሌላ ከተማ፣ ጣፊያው የፈነዳ ልጅ አይቻለሁ። ከሜዳ ሲወጣ በእግሩ ነበር፤ ውሃ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ይህንን ለደኒ ነግሬው አላውቅም። ዛሬም አልነገርኩትም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 23

ተከላካዩ ብራንት። ጉልበቱ። ጥግ ላይ ተጠማዞ ወደቀ፤ የጅማቱን ድምፅ ከአግዳሚው ሰማሁት። ለዘንድሮ አበቃለት።

ስምንት ተከላካይ ነበረን። ስድስት ቀሩ። የሚሰለፉትም ስድስት ናቸው። ስድስተኛው ካልቪን ኦያ ነው።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 24

የመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ። አሸነፍን።

ካልቪን ከኖቬምበር ወዲህ ሲጫወት የመጀመሪያው ነው። ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ሁለቱን ዓመት ሙሉ በሱፍ ልብስ ከላይ ከተመልካች ጋር ነው የተቀመጠው። እዚሁ ከሐይቁ ዳር፣ ከእኛ አርባ ደቂቃ የምትርቅ መንደር ልጅ ነው። አባቱ ከእንጨት ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ይሠራል፤ በበጋ አብረው ይሠራሉ። ከቡድኑ ሁሉ "እርስዎ" የሚለኝ እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ይስቁበታል። ዌስ አንዴ "ካል፣ ማርሊስ እኮ ጳጳስ አይደለችም" ብሎት ነበር። ልጁ ጆሮው ቀላ እንጂ አልተወውም።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከኋላ ገፉት፤ በተዘረጋ ቀኝ እጁ አጥሩ ላይ አረፈ። በእረፍት ሰዓት መጣ።

"ትንሽ ወለም ብሎኛል። ጠበቅ አድርገው ቢጠቀልሉልኝ።"

"ያማል?"

"ብዙም።"

ጠቀለልኩለት። ከኋላው ሦስት ሰው ተሰልፎ ነበር። ለወለምታ መዝገብ አላወጣሁም። ሰኞ አየዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 27

ትላንት ሙሉ ቀን በዌስ አለፈ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የክብደት ክፍሉን ስከፍት ጨለማ ውስጥ ብስክሌት ሲጋልብ አገኘሁት። ላብ በላብ ሆኗል።

"ምን አልኩህ?"

"ብስክሌት ነው። ማንም አይጋጨኝም።"

"ውረድ።"

"ማርሊስ፣ እኔ እኮ አልታመምኩም። አሁን ተነሽና ግፊኝ፣ እንይ።"

ወረደ። ፎጣውን ፊቱ ላይ ጥሎ ብዙ ተቀመጠ። ከትልቁ ሊግ ሁለት መልማዮች ለጥሎ ማለፉ እንደሚመጡ ሁሉም ያውቃል፤ የሚመጡት እሱን ሊያዩ ነው። የክፍሉን ቁልፍ ከጽዳት ሠራተኞቹ ተቀብዬ እኔ ጋ አስቀመጥኩ። ዋናው እሱን መጠበቅ ነው።

የካልቪንን እጅ አላየሁም። ልምምድ ላይ ጓንቱን ሳያወልቅ ነበር፤ ደህና መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 1

ስብሰባ። ደኒ፣ ሁለቱ ረዳቶቹ፣ እኔ። ነጭ ሰሌዳው ላይ የተከላካዮቹ ስም በሦስት ጥንድ ተጽፏል። የዌስ ስም ከታች፣ ብቻውን፣ በቀይ።

ደኒ የእስክሪብቶውን ክዳን እየከፈተ እየዘጋ አየኝ። "አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በአምስት ተከላካይ ጥሎ ማለፍ አልገባም። ከእነዚህ ስድስት አንዱ ከወደቀብኝ ዌስን አለብሳለሁ፤ ይሰለፋል። ከዚያ አንቺና ዶክተሯ ክሰሱኝ።"

"ዶክተሯ አትፈርምበትም።"

"ወረቀት ነው፣ ማርሊስ። ለወረቀቱ ሌላ ዶክተር አላጣም።"

ረዳቶቹ ጫማቸውን ያያሉ።

ስወጣ ስድስቱን በልቤ ቆጠርኩ። የሁለቱ ብሽሽት፣ የአንዱ ጀርባ። ካልቪን፣ ደህና። ነገ ከጨዋታ በፊት ሁሉንም አንድ በአንድ እፈትሻለሁ ብዬ ነበር። ሰዓት ከተገኘ።

ዓርብ፣ ማርች 2

ሰዓት አልተገኘም። በሜዳችን ተሸነፍን፣ 3 ለ 1። ከሦስት ሁለት ያሸነፈ ነው የሚያልፈው። ነገ ከተሸነፍን ያበቃል።

እሑድ፣ ማርች 4

አለፍን። ቅዳሜ 2 ለ 1፣ ዛሬ 4 ለ 2።

ካልቪን ኦያ ማንም ያልጠበቀውን ተጫወተ። ልጁ ፈጣን አይደለም፤ ግን ኳሷ፣ ያቺ ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ፣ የምትሄድበትን ቀድሞ ያውቃል። ዛሬ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለት ምት በሰውነቱ አገደ። ደኒ መልበሻ ክፍል ገብቶ "ኦያ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?" አለው። ሌላው ሁሉ በዱላው ወለሉን ደበደበ። የልጁን ፊት ላየ፣ ሠርጉ ይመስላል።

በየእረፍቱ እየመጣ እጁን ያስጠቀልላል። ጠበቅ ያድርጉት ይላል። ዛሬ የፕላስተሩን ጥቅል ልጨርሰው ምን ቀረኝ። "ጣትህ ይደነዝዛል" አልኩት። "ይሻላል" አለ።

አባቱ ከመንደር ሰዎች ጋር መጥቶ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ የሚያወራ። ልጁን ለእሑድ ምሳ ይዞት ሄደ።

እጁን ሰኞ በደንብ አየዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ማርች 6

ሱቅ ወተት ልገዛ ገብቼ ከመደርደሪያው ማዶ ሁለት ሰዎች፤ አንደኛው የነዳጅ ማደያው ባለቤት ነው።

"አምበሉን ያስቀመጠችው ወጌሻዋ ናት ይላሉ።"

"ልጁ ደህና ነው እኮ። ትላንት ፓስቲ ሁለት ሲበላ አይቼዋለሁ።"

"ሴትየዋ ልጅ የላትም። ቡድኑን በሙሉ ልታዝል ነው የምትፈልገው።"

ወተቱን ይዤ በሌላው በኩል ወጣሁ። አላናደደኝም። ፓስቲውን መብላቱን ግን ለዶክተሯ ነገርኳት፤ የምግብ ፍላጎቱ መመለሱ ጥሩ ምልክት ነው።

ትላንት ዘጠኝ ተጫዋች አይቻለሁ። ካልቪን አልመጣም፤ ፈተና አለኝ ብሎ በሰው ልኳል። ልጠራው እችል ነበር። የሚያመው ሰው ራሱ ይመጣል።

ሐሙስ፣ ማርች 8

ዌስ ቢሮዬ መጥቶ በሩን ዘጋው። አባቱ ከሳስካቸዋን አሥራ ስምንት ሰዓት ነድቶ ለፍጻሜው ሊመጣ ነው።

"ምን ልበለው? መጫወቴን የሚወስነው አልትራሳውንድ ነው ልበለው?"

"እውነቱን ንገረው።"

"እውነቱን ልንገርሽ? ከአራት ዓመቴ ጀምሮ አባቴ ከጎተራው ኋላ በየክረምቱ ውሃ እያፈሰሰ በረዶ ይሠራልኛል። ከእህሉ በፊት በረዶውን ያያል። ይህ ወር የዚያ ሁሉ መጨረሻ ነው። አንቺ ደግሞ 'እናያለን' ትያለሽ።"

ከመሳቢያዬ ብስኩት አውጥቼ ሰጠሁት። በላ። ሲወጣ በሩን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው፤ ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ማርች 10፣ አውቶቡስ ውስጥ

ግማሽ ፍጻሜ፣ በሰው ሜዳ። ሁለቱንም ምሽት አሸነፍን፤ ሦስተኛው ጨዋታ አያስፈልግም። መንገዱ በረዶ ነው። ሾፌሩ በቀስታ ይነዳል፤ አብዛኛው ተኝቷል። ጽሑፌ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

ደኒ ከፊቴ ተቀምጧል፤ ሳይዞር "ኦያ ባይኖር የት ነበርን" አለ።

"አዎ።"

"ከላይ ከተመልካቹ መሃል ነው ያወረድኩት። ሁለት ዓመት አላየሁትም። እንዲህም ዓይነት ነገር አለ።"

ከመተላለፊያው ማዶ ካልቪን የውሃ ጠርሙስ ይዟል። ክዳኑን በቀኝ እጁ ሞከረው። ተወው። ጠርሙሱን በጉልበቱ መሃል አጥብቆ በጥርሱ ከፈተው። ቀና ሲል ዓይናችን ተጋጨ። ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ቆራጥ ልጅ ነው። ስድስቱም ቆራጥ ናቸው። ሰባት ቀን ቀረ። አምስት ቀን ለዌስ።

ሰኞ፣ ማርች 12

ዶክተር ናራያን ደወለች። ስለ ዌስ ተነጋገርን፤ ሐሙስ ሦስት ሰዓት እንዲመጣ። ልትዘጋ ስትል "ሌሎቹስ? የማየው ሰው አለ?" አለችኝ።

"ደህና ናቸው። የተለመደው ነው።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጠረጴዛዬን አስተካከልኩ። ፋሻ ቆጠርኩ። ፋሻ መቁጠር የረዳቴ ሥራ ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 15

ጣፊያው ቀንሷል። አሁንም ግን ከልኩ ሁለት ጣት ይበልጣል። ዶክተር ናራያን ማሳያውን ወደ ዌስ አዙራ በጣቷ አሳየችው፤ ለልጅ እንደሚያስረዱ፣ ቀስ ብላ። እሱ ማሳያውን ሳይሆን ጣሪያውን ነበር የሚያየው። "ገባኝ" አለ። ሸሚዙን ሲቆልፍ አንዱን ቁልፍ ዘለለው።

ደኒ ከበሩ ውጭ ይጠብቀናል። ፊታችንን አይቶ ገባው።

"ሌላ ዶክተር ይየው። ሁለት ሰዓት ነድቼ እኔ ራሴ አደርሰዋለሁ።"

"ውሰደው" አለች ናራያን። "ሥዕሉን ልስጥህ፣ ይዘህ ሂድ። ሥዕሉን አይቶ የሚፈርም ካገኘህ ስሙን ንገረኝ።"

ደኒ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ?"

"አይጫወትም።"

"ስድስቱ ይበቃሉ ነው የምትይኝ?"

"ስድስቱ ይበቃሉ።"

ቶሎ ነው የመለስኩት። ደኒ እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ዌስን ይዞት አልሄደም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲለፈልፍ የኖረ ሰው ነው፤ መጥፎ ሰው ግን አይደለም።

ካልቪን መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰምቷል።

"አይጨነቁ" አለኝ። "እኔ እጫወታለሁ።"

ቀኝ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቶታል። እጅህን አሳየኝ ማለት ነበረብኝ። "እናመሰግናለን" አልኩት።

ቅዳሜ፣ ማርች 17

3 ለ 2 ተሸነፍን። በተጨማሪ ሰዓት። አሥራ አንድ ደቂቃ ላይ።

ካልቪን ጥፋት የለበትም። ኳሷ ከግብ ጠባቂያችን እግር ተመልሳ የካልቪን ዱላ ላይ ደረሰች። መትቶ ቢያወጣት አደጋው ያልፍ ነበር። ዱላው ከእጁ ወደቀ። አልተነጠቀም። ወደቀ።

ከዚያ ሰላምታ። ሁለቱ ቡድን ተሰልፎ እጅ ይጨባበጣል። እሱ በግራው ጨበጠ። ሁሉም ግራ እየገባቸው እጃቸውን እየቀየሩ። አንድ በአንድ። ሃያ ሰው።

አየሁ። ተነስቼ ወደ መልበሻው ቀድሜ ገባሁና ቆሜ ጠበቅሁት።

እሑድ፣ ማርች 18

ትላንት በጥድፊያ ነው የጻፍኩት። ዛሬ ከቀትር በኋላ ነፃ ነኝ፤ ማንም አይፈልገኝም።

ከጨዋታው በኋላ ፕላስተሩን በመቀስ ቆረጥኩ። ከሥሩ ያለው አንጓ አብጧል፤ ቆዳው ያበራል። አውራ ጣት ቀጥ ሲል ከሥሩ የምትጎደጉድ ትንሽ ቦታ አለች። እዚያች ላይ በአንድ ጣቴ፣ እንቁላል እንደሚነካ አድርጌ ተጫንኩ። ልጁ እጁን ከእጄ መንጭቆ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

እዚያ ያለችው አጥንት ባቄላ ብታክል ነው። ደም የሚደርሳት በአንድ ቀጭን ሥር፣ ያውም በተቃራኒው ጫፍ በኩል ነው። ስትሰበር ሥሩ ከተቆረጠ ግማሿ ይሞታል። በተዘረጋ እጅ የወደቀ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ እዚያች ቦታ ላይ ይጫኑታል። ካመመው፣ ራጁ ንጹህ ቢሆን እንኳ ጀሶ ይደረግለትና በሁለት ሳምንት ይደገማል። ይህንን በየመስከረሙ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ። ፈተና ላይም አወጣዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ራጅ ተነሳ። ዶክተር ናራያን ሥዕሉን መብራት ላይ አድርጋ መስመሩን በጣቷ ተከተለች። የስብራቱ ጠርዞች ተልገዋል። ትላንት የተሰበረ አጥንት እንዲህ አይሆንም። አንደኛው ግማሽ ነጭ ሆኗል፤ ደም አጥቷል።

"መቼ ነው የወደቀው?"

ካልቪን ቀድሞኝ "ትላንት" አለ።

ናራያን እሱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችኝ። እኔ ራጁን አየሁ።

ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ከዳሌው አጥንት ወስደው ይተክሉበታል። ይይዝለት ይሆናል። ካልያዘለት አንጓው እንደደረቀ ይቀራል። ናራያን "መዶሻ የሚይዝ ከሆነ ለአንድ ዓመት ይርሳው" አለች፤ "ከዚያ በኋላም እንጃ።"

ወደ መኪናዬ ስሄድ የዌስ አባት ማቆሚያው ላይ አገኘኝ። ሻንጣ ይጭናል። ማን እንደሆንኩ ዌስ ነግሮት መሰለኝ ወደኔ የመጣው፤ ጓንቱን አውልቆ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"ትላንት ማታ ልጄ ሁሉንም ነገረኝ። ጣፊያ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። እርስዎ ባይኖሩ የምነዳው አስከሬን ይዤ ነበር።"

አመሰገንኩት። መንገዱ በሰላም ይሁን አልኩት። ዌስ ከመኪናው ውስጥ እጁን አነሳልኝ፤ ገና አልታረቀኝም፣ ግን አነሳ። ከመልማዮቹ አንዱ በስልክ እንዳነጋገረው ሰምቻለሁ።

ቤት ገብቼ ይህንን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። "ሰኞ አየዋለሁ" የሚለውን ቆጠርኩ። ሰኞዎቹንም ቆጠርኩ። ጊዜ አጣሁ ማለት እችላለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። በአንድ ጣት፣ በአምስት ሴኮንድ የሚጠናቀቅ ምርመራ ነው። ተጭኜው ቢያመው ኖሮ መዝገብ አወጣለሁ። መዝገብ ካወጣሁ አምስት ይቀራሉ። አምስት ከቀሩ ዌስ ይለብሳል። ይህን ሁሉ በዚያን ቀን አስቤዋለሁ አልልም። አውቶቡስ ውስጥ ግን፣ ጠርሙሱን በጥርሱ ሲከፍት፣ ፈገግ ብያለሁ።

ማክሰኞ፣ ማርች 20

የጉዳት ሪፖርቱ ዛሬ መግባት አለበት። ደኒ ቢሮዬ መጥቶ ቆመ። ሰውየው በሁለት ቀን አርጅቷል።

"ልጁ በፍጻሜው ነው የተሰበርኩት ይላል። እንደዚያው ይጻፍ ብሎኛል። ዱላው የወደቀው ለዚህ ነው ይባላል። ለሱም ጥሩ ነው፤ ጀግና ይሆናል።"

"አጥንቱ እንዲያ አይልም።"

"አጥንቱን የሚያነብ ማን አለ? አንቺ ያየሽበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው።" ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ማርሊስ፣ አንቺ ላይ ነው የሚወድቀው እኮ። እኔ ላይ አይደለም። እኔ ማንም አመመኝ አላለኝም።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቆሽ ነበር?"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንሠራ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም።

"አልጠየቅኩትም" አልኩ። "እንዳላውቅ ነው ያልጠየቅኩት።"

ደኒ "እኔም ጭምር ነኝ እንግዲህ" አለ። "ያንን 'ዌስን አለብሳለሁ' ያልኩት።"

"አንተ ያልከው ሌላ ነው። ያልተጫንኩት እኔ ነኝ።"

ከሰዓት በኋላ ካልቪንን አስጠርቼ ይህንኑ ነገርኩት። የጀሶውን ጠርዝ በግራ እጁ ጥፍር እየላጠ ሰማኝ።

"ባይነግሩኝም አውቅ ነበር" አለ። "መጀመሪያ ቀን ነው ያወቅኩት። እርስዎ እንዳይጫኑት ነው ሰኞ ሰኞ የጠፋሁት።"

"ልጠራህ ይገባ ነበር።"

"ቢጠሩኝ ደግሞ አላመመኝም እል ነበር።" ከዚያ፣ ወደ መስኮቱ እያየ፣ "ስድስት የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ነው የተጫወትኩት። አይወሰድብኝም" አለ። ያለቀሰ መስሎኝ ነበር። አላለቀሰም። የተቆጣም አልመሰለኝም፤ የሚቆጣበት ቀን ግን ይመጣል፤ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው፣ አንድ ጠዋት፣ የበር እጀታ ሲያዞር።

ሪፖርቱን ጻፍኩ። የተጎዳበት ቀን፦ ፌብሩዋሪ 24። በዕለቱ ያየችው፦ ማርሊስ ኮስኪ። የተደረገ ምርመራ፦ የለም። ፈረምኩ። ለካልቪን ቤተሰብ ወረቀቱ ሳይደርሳቸው እኔ እንደምነግራቸው ለደኒ ነገርኩት።

ቅዳሜ፣ ማርች 24

ወደ መንደራቸው ነዳሁ። ሐይቁ ዳር ዳሩን መፍታት ጀምሯል። የካልቪን አባት አርኒ ኦያ ቤቱ ኋላ ባለው መሥሪያው ውስጥ ነበር፤ ዝግባ ይልጋል፤ የሳውና አግዳሚ። መላጊያውን አስቀምጦ ኮፍያውን አወለቀ።

ቆሜ ነገርኩት። ከመውደቂያው ቀን ጀምሮ፣ አንድም ሳልዘል። እንዴት መጫን እንደነበረብኝ በራሴ እጅ ላይ አሳየሁት። ለምን እንዳልተጫንኩም ነገርኩት፤ ይህኛውን ስናገር ድምፄ የሌላ ሰው ነበር። የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚጠራኝና ምናልባት ከሥራው እንደምወጣ አልነገርኩትም። እሱን የሚመለከት ነገር አይደለም።

አላቋረጠኝም። ስጨርስ ፍቅፋቂውን በጫማው ጠርዝ ወደ አንድ ጎን ሰበሰበ።

"አምበሉ ልጅ ዳነ?"

"ድኗል።"

"ጥሩ።" ኮፍያውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። "እርስዎን ይቅር ብያለሁ አልልም። ገና ነኝ።"

"አልጠበቅኩም።"

"የመጀመሪያውን ዙር ያለፋችሁ እሑድ እዚህ ነው ምሳ የበላው። እናቱ ጥብስ ሠርታ ነበር። ሥጋውን ሳይቆርጥ ጎን ጎኑን በግራ እጁ ድንቹን ብቻ እየለቀመ በላ።" መላጊያውን አነሳ፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ መልሶ አስቀመጠው። "ከፊቱ ነበር የተቀመጥኩት። ሥጋውን እናቱ ሳታይ ወደኔ ሳህን አዞርኩለት። ሁለት ዓመት ከላይ ተቀምጦ ሳየው ኖሬ፣ በመጨረሻ ሲጫወት እያየሁት ነበር።"



መሥሪያው መሃል አራት ሜትር የሚሆን ጣውላ በሁለት የእንጨት ማስደገፊያ ላይ ተጋድሟል። መገልበጥ ነበረበት። አርኒ በአንዱ ጫፍ ሄዶ ቆመ። ሌላውን ጫፍ አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

"ያንን በኩል ይይዙልኛል?"

ጓንቴን አውልቄ ያዝኩ። ከባድ ነው። አንድ ላይ አነሳነው፣ ገለበጥነው፣ አስቀመጥነው። የሚገለበጥ ሌላ ሦስት ነበር።